ውሃው ያዘኝ

ሆራስ ካችፖል በሕይወት ዘመኑ ሚስቱን አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ እሷም እሺ አለችው። በሄርን ወንዝ ዳር ደግሞ ለሚሞት ሰው እሺ ያሉት ነገር አይታጠፍም፤ ቢታጠፍ አገሩ ሁሉ ያወራዋል። "ተርዛ፣ ስሞት በመኪና እንዳትወስጂኝ። በውሃ ውሰጂኝ" ነው ያላት። መስከረም ሲጠባ ሞተ።

በአፍ ቀላል ነው። ቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ያለችው ከወንዙ በምትገነጠል አንዲት ጠመዝማዛ ሰርጥ ጫፍ ላይ ነው። ሰርጧን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላታል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ባዶ ጭቃ አድርጓት ይሄዳል። ዱሮ የወንዙ ሰዎች ሙታናቸውን በሙላት ይዘው እየገቡ፣ ቀብረው በሽሽት ይመለሱ ነበር። አሁን ደለል ስለበላት እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ጀልባ የሚደርሰው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ባሕሩ ከልኩ አልፎ ሲያብጥ ብቻ ነው። የሆራስ ዕድል ሆኖ ያ ሙላት የሚመጣው በዚያው በመስከረም አጋማሽ ነበር። ተርዛም ቀብር አስፈጻሚውን "እስከዚያ አቆዩልኝ" አለችው፤ አቆየላት።

ጉዱ ሌላ ነው። ተርዛ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ከላይ አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ባሏ ትልልቅ መርከቦችን ከባሕር ወደ ወንዝ እየመራ የሚያስገባ ስመ ጥር ሰው ሆኖ፣ እሷ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ወንዙን ከደጇ እያየች ኖረች እንጂ አንድ ቀን እግሯን አላነሳችለትም። እሱ ወደ ወንዙ እያመለከተ "ነይ እስኪ አንድ ቀን እንኳ ቤቴን ላሳይሽ" ይላታል። እሷ "የኔ ቤት ጣራ አለው" ትለዋለች። እንዲህ እንደተባባሉ ዕድሜ አለቀ።

እናም ከቀብሩ በፊት በነበረው ሳምንት፣ የሆራስ ታላቅ ወንድም አምብሮስ የወንዙን ካርታ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጣና ኩሽና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ካርታው እንዳይጠቀለል አንዱን ጫፍ በሻይ ማንቆርቆሪያ፣ አንዱን በማርማላታ ብልቃጥ፣ አንዱን በራሱ ክርን አስያዘው። አምብሮስ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እጁ ጀልባ ላይ እንጂ መሬት ላይ አያምርበትም፤ ይኸው ገና ሳይቀመጥ ስኳር ደፋ።

"ይኸውልሽ" አለ በወፍራም ጣቱ እየጎተተ። "ከኛ የጀልባ መውጫ ተነሥተን ዋናውን ወንዝ ይዘን እንወርዳለን። ቀይዋ ተንሳፋፊ ምልክት ጋ ስንደርስ ወደ ግራ። ሰርጧ ውስጥ ገባን ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ውሃው ራሱ ይሸከመናል።"

"ካልተሸከመንስ?"

"ይሸከመናል አልኩሽ እኮ!"

"እኔ የጠየቅሁህ ካልተሸከመን ነው፣ አንተ ሰውዬ።"

"ካልተሸከመንማ ቁጭ ብለን ውሃው እስኪመለስ እንጠብቃለን። ሳንድዊች ያዢ።"

"ባሌን ልቀብር ስሄድ ሳንድዊች?"

"ሆራስ ቢሆን ይይዝ ነበር።"

ይይዝ ነበር፤ እሱን እንኳ መካድ አይቻልም። ሆራስ ለሠርጉም ቀን የተጠበሰ ዓሣ በኪሱ ይዞ ነው የመጣ። ተርዛ ሳቅ ቃጣትና ተወችው።

በዚህ መሃል የደብሩ ቄስ ፊሊፓ አንኳክታ ገባች። ከከተማ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ብስክሌት የምትነዳ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የሆነ ወጣት ሴት ናት። አምብሮስ ሴት ቄስ ገና አልለመደም፤ ወንድ ቄስም ቢሆን ለምዶ አያውቅም።

"ወይዘሮ ካችፖል፣ ደወሉን ስንት ሰዓት ላይ ላስጀምር ብዬ ነው" አለች ፊሊፓ። "ጀልባዋ መታጠፊያው ላይ ስትታይ እንድንጀምር ብለውኝ ነበር።"

አምብሮስ ከኮቱ ኪስ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ መዘዘ። የውሃው መጽሐፍ ናት፤ የየቀኑ ሙላትና ሽሽት በሰዓት በሰዓት ታትሞባታል። ምላሱን አውጥቶ፣ ገጹን በጣቱ እየተከተለ ቀኑን አገኘ። "ይኸው። አንድ ሰዓት ስንደምርበት..." ብሎ ማስላት ጀመረ።

አንድ ሰዓት መደመሩ ነገር ነው። በዚያ አገር ከመጋቢት እስከ ጥቅምት፣ በበጋቸው፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉታል። ባሕሩ ግን አዋጅ አይሰማም፤ የውሃው መጽሐፍም በክረምቱ ሰዓት ነበር የሚታተም። ስለዚህ የወንዝ ዳር ሰው በበጋ መጽሐፉን በገለጠ ቁጥር አንድ ሰዓት ይደምርበታል። ከእናት ጡት ጋር የሚጠቡት ነገር ነው፤ እኛ ሰው ሲያነጥስ "ይማርህ" እንደምንለው ያለ ሐሳብ ከአፋቸው ይወጣል። የደመረ ሰው መደመሩን እንኳ አያስታውስም።

ፊሊፓ ከትከሻው በላይ አንገቷን አስግጋ አየች። "ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ስለ ሰዓቱ የሚል ይመስለኛል..."

"ማስታወቂያ ነው" አለ አምብሮስ። "የጀልባ ቀለም ሻጭ ማስታወቂያ።"

"የለም፣ እዚህ ጋ እኮ..."

"ልጄ፣ አንቺ ሰማዩን ያዢ፣ ውሃውን ለኛ ተዪልን!"

ፊሊፓ ቀላችና ሰዓቱን እጇ ላይ ጻፈች። ተርዛም የተደፋውን ስኳር ጠረገች። እንዲህ ያለውን ነገር ሲያሰላ የኖረው ሆራስ ነበር፤ አምብሮስ ሞተር ማስነሣት ነው ሥራው። ግን ማን ያስበዋል? አንድ ሰዓት መደመር ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።

ፊሊፓ ልትወጣ ስትል ዘወር አለች። "የሣጥኑን ልብስ ደግሞ ቀብር አስፈጻሚው ጠይቁልኝ ብሎኛል። ጥቁር ሐር አለው፣ ወይን ጠጅም አለው።"

"የራሴ ጨርቅ አለኝ" አለች ተርዛ። ተነሥታ ሄደችና ከልብስ ሣጥን ውስጥ አንዲት ነጭ የተልባ አንሶላ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ታጥፋ ስለኖረች እጥፋቷ ቢጫ ሆኗል።

አምብሮስ አንሶላዋን አያት። አውቋታል። ክርኑን ከካርታው ላይ ሲያነሣ ካርታው ተጠቀለለ፤ አልመለሰውም።

"ተርዛ" አለ ቀስ ብሎ፣ ቄሷ ከወጣች በኋላ። "ይቺንማ ተያት።"

"ለምን እተዋታለሁ? የሱው ናት። ይዟት ይሂድ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በሄርን ወንዝ ዳር ቤት ውስጥ ችግር ሲፈጠር ሴቶቹ ከሰገነቱ መስኮት ነጭ አንሶላ ያወርዳሉ። ውሃ ላይ ያለ ባል ያየዋል፤ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ተርዛ በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ያለ ወሯ ምጥ ያዛት። ጠዋት ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟንም አይሪስ አለቻት። ሕፃኗ እንደማትከርም ግን አዋላጇ ገና ስታያት አውቃለች። አምብሮስ ራሱ ሮጦ ወጥቶ ያቺን አንሶላ ከሰገነቱ ሰቀላት። ቀኑ ሙሉ ተሰቅላ ዋለች። አይሪስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። ሆራስ ከመሸ በኋላ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ገባና፣ በሩ ላይ ቆሞ "ውሃው ያዘኝ" አላት።

"አንሶላውን አላየህም?" አለችው።

"አይቼዋለሁ። ስመጣ ሰርጧ ውስጥ ውሃው ሸሸብኝ። አንሶላውን እያየሁ ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።"

"ታዲያ ዘለህ አትወርድም? ጭቃ ነው እንጂ እሳት አይደለ! ውሃ ወሰደኝ ብትለኝ አምንህ ነበር፤ ውሃ አጣሁ ብለህ ልጄን ሳታያት ትቀራለህ?"

ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቀን አላነሡትም፤ አብረው በሉ፣ አብረው አረጁ፣ ተሳሳቁ። ግን ለእራት በዘገየ ቁጥር፣ ባርኔጣውን እያወለቀ "ውሃው ያዘኝ" ባለ ቁጥር፣ ተርዛ በሆዷ "ውሸታም" ትለዋለች። ያን ዕለት ማዶ ካለው መጠጥ ቤት ተቀምጦ እንደነበር፣ ፈርቶም እንደነበር፣ ልቧ ነግሯታል። አምብሮስ ስንት ጊዜ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ወንድማማቾች ይሸፋፈናሉ ብላ አልሰማችውም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ተርዛ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ያቺን አንሶላ ግን አንድ ቀን አልጋ ላይ አላነጠፈቻትም። እሺ ያለችውን ትፈጽማለች፤ በውሃ ትወስደዋለች። አንሶላዋን ግን አልብሳው፣ ከነአንሶላዋ ታስቀብረዋለች። መልሱን እዚያ ሄዶ ለልጁ ይስጥ።

የቀብሩ ቀን ጥርት ያለ ነበር። የቀብር አስፈጻሚው ሰዎች ሣጥኑን ከመውጫው ላይ ወደ ጀልባዋ አወረዱና፣ ዙሪያውን በመኪና ሄደው ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ሊቀበሉ ተሰናበቱ። ጀልባዋ የሆራስ ናት፤ ሰፊ፣ ክፍት፣ አሮጌ ሞተር ያላት፤ ስሟም ትዕግሥት ነው። ተርዛ ጥቁር ኮቷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን በሻርፕ አስራ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ዳር ላይ ቆመች።

"እግርሽን መሃል ላይ አድርጊ" አለ አምብሮስ።

"መሃሉ ይንቀሳቀሳል።"

"ሁሉም ይንቀሳቀሳል። እጅሽን ስጪኝ። አይዞሽ እቴ፣ ከአንቺ በፊት ስንት በግ አሳፍሬያለሁ።"

"በግ ብላኝ አረፈ! ሆራስ፣ ወንድምህን ስማው" አለችና ዓይኗን ጨፍና ገባች። ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ጠርዙን በአንድ እጇ ጨበጠች። ስለፈራች ነው እንጂ ስለወደደችው አይደለም፤ እንዲያ ነው ለራሷ የነገረችው።

ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ። ወንዙ ላይ ሲወጡ አምብሮስ ግራ ቀኙን አይቶ አፉን ከፈተ።

"ወይ ጉድ! ተርዛ፣ የመውጫውን ድንጋይ አየሽው? ተውጧል! በሕይወቴ እንዲህ አይቼ አላውቅም። ገና አንድ ሰዓት የሚሞላ አለው እኮ! እንዲህ ከቀጠለማ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በጀልባ ነው የምንገባው። ሆራስዬ፣ ለአንተ ብሎ ነው የመጣ!"

ዕንባ በጉንጩ እየወረደ ነበር። ውሃውን ሳይሆን የወንድሙን ክብር ነው ያየው። እንዲህ ላለ ሰው ምን ይሉታል?

ቀይዋ ምልክት ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ። ተርዛ እስከዚያ ድረስ ጫማዋን ነበር የምታየው። ቀና ስትል የምታውቀው አገር አልነበረም። ያ በየቀኑ ከኩሽናዋ መስኮት የምታየው ግራጫ ረግረግ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። ሁሉም ውሃ ነው፤ እስከ ሰማዩ ድረስ ውሃ። የከብቶቹ አጥር ራስ ራሱ ብቻ ብቅ ብሏል። ጀልባዋ የምትሄደው በሜዳው ላይ ነው፤ ጎንበስ ብላ ስታይ ከሥሯ ሣሩ ቆሟል፤ በሣሩ መሃል ወይን ጠጅ አበቦች ከነአገዳቸው ሰጥመው ይወዛወዛሉ፤ በአበቦቹ መሃል ደግሞ ጣት የማያክሉ ዓሦች ይመላለሳሉ። ትናንት ላም የጋጠበት ቦታ ነው።

"አምብሮስ፣ ሞተሩን ቀንስልኝ" አለች በሹክሹክታ።

ቀነሰላት። ከረግረጉ ዳር የነበሩ ወፎች በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ ሺህ ይሁኑ አሥር ሺህ ማን ይቆጥራቸዋል። መጀመሪያ ጥቁር ነበሩ። ሁሉም እንደተነጋገሩ ዘወር ሲሉ ነጭ ሆኑ፤ እንደገና ሲዞሩ ጠፉ፤ ሰማዩ ባዶ ሆነ፤ ወዲያው ደግሞ ተገለጡ። የክንፋቸው ነፋስ ከላይዋ ሲያልፍ ሻርፗን አነሣው። ተርዛ መጨበጧን ረሳች። ከጀልባዋ ኋላ ራሰ በራ አቆስጣ፣ ያ ዓሣ የሚበላ የባሕር እንስሳ፣ ብቅ ብሎ፣ እንደ ለቀስተኛ ጢሙን አንጠልጥሎ ተከተላቸው።

"የእግዜር ያለህ!" አለች። እጇን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች፤ አሁን ከፍርሃት አልነበረም። "አንተ፣ ይህን ሁሉ ብቻህን ታየው ነበር? ለምን በግድ ጎትተህ አላመጣኸኝም?" ጎትቷት እንደነበር ግን ታውቃለች፤ አርባ ስድስት ዓመት ጎትቷታል።

ሰርጧ እየተጠማዘዘች፣ አንዴ ወደ ፀሐይ አንዴ ከፀሐይ፣ እየጠበበች መጣች። የቅዱስ ቦቶልፍ ግንብ ከሩቅ ታየ። ወዲያው ደወሉ ተሰማ፤ ፊሊፓ አይታቸዋለች። በዚያ ሁሉ ውሃ ላይ ሲመጣ ደወሉ ከየት እንደሚደወል አይታወቅም፤ ከውሃው ሥርም ይመስላል።

ተርዛ አንድ ነገር ያየችው ያን ጊዜ ነው። በጀልባዋ ጎን አረፋ ያልፋል፤ ቁርጥራጭ ሣር፣ የወፍ ላባ ያልፋል።

"አምብሮስ፣ ሣሩ ለምን ወደ እኛ ይመጣል?"

"ምን?"

"ሣሩ። ውሃው ይሸከመናል አላልከኝም? ሣሩ ከቤተ ክርስቲያኗ ነው የሚመጣው።"

አምብሮስ ውሃውን አየ። "አይሆንም" አለ። "ገና ነው እኮ። ሰዓቱን ደምሬያለሁ።" ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ትዕግሥት አጉረመረመች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጥቂት ሄደች። የአጥሮቹ ራስ ረዘመ። ሜዳው ከሁለቱም በኩል እየተንጠባጠበ ወጣ፤ ውሃው ከየጉድጓዱ እየተንዶለዶለ ወደ ሰርጧ ይወርድና ወደ ባሕር ይሮጣል። እንዲያ ያበጠ ባሕር ሲሸሽም ፍጥነቱ አያድርስ ነው። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ የጀልባዋ ሆድ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ፤ ሳመችውና ቆመች። አምብሮስ በዘንግ ገፋ፣ በመቅዘፊያ ገፋ፣ ተሳደበ፣ ወንድሙን ይቅርታ ጠየቀ። ምንም የለም። ውሃው ከሥራቸው ተስቦ ሄደና፣ በዚያ ሰፊ የሚያብረቀርቅ ጭቃ መሃል ሁለት ያረጁ ሰዎችና አንድ ሣጥን ቀሩ።

ቤተ ክርስቲያኗ እዚያው ናት። በሯ ተከፍቶ ይታያል፤ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ባርኔጣቸው ሳይቀር ይታያል። ደወሉ ይደወላል።

"በል እንጂ እንውረድ!" አለች ተርዛ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። "ይቺ እኮ ናት! ድንጋይ ብወረውር እደርሳለሁ። ጭቃ ነው እንጂ..."

አፏ ላይ ቀረ። አምብሮስ ረጅሙን መቅዘፊያ አንሥቶ ከጀልባዋ ጎን ወደ ጭቃው ሰደደው። ጭቃው ድምፅ ሳያሰማ እስከ እጀታው ዋጠው። መልሶ ለማውጣት ሁለቱም ተረዳድተው ነው የጎተቱት።

"የወረደበት ሰው አይወጣም" አለ አምብሮስ። "የጭቃ ሳንቃ እግር ላይ ካልታሰረ፣ ሁለት እርምጃ አይሄድም። ደግሞ ስትጮሂ ማንም አይሰማሽም፤ ድምፁን ረግረጉ ይበላዋል።"

ተርዛ ተቀመጠች። ወዴት እንደምታይ ጠፋት፤ ቤተ ክርስቲያኗን ማየት አቃታትና ዞረች። ከኋላዋ፣ ከሜዳው ወዲያ፣ አንድ ቀይ ጣራ አለ። ከጣራው ሥር አንዲት ትንሽ የሰገነት መስኮት አለች። አራት መስታወት አላት፤ አንዱ የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁ ሁሉ ይታያል።

"ያ የማን ቤት ነው?" አለች። ታውቀዋለች፤ ግን ከዚህ በኩል አይታው አታውቅም።

"የናንተው ነው" አለ አምብሮስ፣ መሬት መሬት እያየ። "ሰርጧ ዞራ በጓሯችሁ ነው የምታልፍ። ተርዛ፣ ያኔም እዚሁ አካባቢ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዋናው ወንዝ ዞሮ ነበር የሚመጣ። ውሃ እየሸሸ ወደዚች ሰርጥ የሚገባ ያበደ ነው፤ አለዚያም የቸኮለ ነው። አንሶላውን ሲያይ አቋረጠ። ነግሬሽ ነበር።"

"ነግረኸኝ ነበር" አለች።

መስኮቷን አየች። በዚያች መስኮት ላይ አንዲት ነጭ አንሶላ ተንጠልጥላ አሰበቻት። ከጠዋት ጀምሮ፤ ፀሐይ ከወዲህ ወደዚያ እስክትዞር ድረስ። አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ እዚህ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ፣ የቤቱን መስታወት ስንጥቅ እየቆጠረ፣ ውስጥ ማን እየሞተ እንዳለ ሳያውቅ፣ መውረድ አቅቶት። ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ። በመጨረሻ እስከ ወገቡ ጭቃ የሆነው ውሃው ሳይበቃ ወርዶ እንደሆነ፣ በምን እንደወጣም፣ አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም። ቤት ሲገባ "ውሸታም" የሚል ዓይን ነው የጠበቀው።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን፣ ከዚያም በፊት ያላለቀሰችውን፣ ሣጥኑ ላይ ተደፍታ አለቀሰችው። "ሆራስዬ፣ እውነትህን ነበር። እውነትህን ነበር እኮ" ትላለች። አምብሮስ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ባሕሩ ዞረ። አቆስጣው ከሩቅ፣ ውሃው ካለበት፣ ያያቸው ነበር።

ደወሉ ቆመ። ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ያሉት ሰዎች ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመሩ፤ ጀልባዋ ለምን እንደቆመች አልገባቸውም። ተርዛ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነሣች። አንሶላዋን ከሣጥኑ ላይ ገፈፈች። "መቅዘፊያውን አምጣ" አለች። ሁለቱን ጫፎች ቋጠረችበትና ከአምብሮስ ጋር ወደ ላይ አቆሙት። ነፋሱ ያዛት። ነጭ አንሶላ፣ አርባ ዓመት የታጠፈች፣ በጭቃው መሃል ተዘረጋች።

የወንዝ ዳር ሰው አንሶላ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አይጠየቅም። ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅ መጀመሪያ የተነሣችው ቤሪል ናት፤ ዛጎል ከጭቃ እየለቀመች የምትሸጥ፣ ጉልበቷ የሁለት ወንድ የሆነ ሴት። የቀብር ልብሷን ቀሚስ ወደ ላይ ቋጥራ፣ እዚያው ዳር ካለችው ጎጆዋ ሰፋፊ ሳንቃዎች አምጥታ እግሯ ሥር አሰረች፤ ለአራት ወንዶችም አሰረችላቸው፤ ዛጎል የምትጭንበትን ጠፍጣፋ መጎተቻ በገመድ እየሳቡ ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ መጡ።

"አንተ ሽማግሌ!" አለች ገና ሳትደርስ። "ሙላቱ ካለፈ ምን ያህል ሆነው! የት ዋልክ?"

"ሰዓቱን ደምሬ..."

"ደመርክ? መጽሐፉ ዘንድሮ ተደምሮበት ነው እኮ የታተመው! ለሽርሽር ለሚመጡት እንግዶች እንዲቀላቸው ብለው። ከታች በትንሹ ተጽፏል፤ አታነብም?"

"አሁን ሳስበው ቄሷ..."

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ወንድምህን ጭቃ ላይ አስጥተህ..." ተርዛን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይቅርታ፣ ተርዛ። ነይ፣ ከሱ ጎን ተቀመጪ፣ እንስብሻለን።"

"አይ" አለች ተርዛ። "ለኔም ሳንቃ እሰሪልኝ።"

ሣጥኑን በመጎተቻው ላይ አደረጉት። አምብሮስም ትርፍ ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ፣ መልሕቁን ጥሎ ወረደ። ተርዛ በአንድ እጇ የሣጥኑን እጀታ፣ በአንድ እጇ አንሶላዋን ይዛ፣ ሳንቃ በታሰረበት እግሯ እየተንሸራተተች የወንዙን ወለል ረገጠች። ጭቃው ሰማዩን ይዞ ነበር፤ ደመናው ላይ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ባሕሩ የሄደበት ያ ሁሉ አገር እየተንጫጫ፣ እየተነፈሰ፣ ትንንሽ ቀዳዳዎቹን እየከፈተና እየዘጋ ሲያሳልፋቸው ተርዛ ግራ ቀኝ እያየች "ወይ ያንተ ሥራ!" ትላለች በልቧ፤ ለእግዜር ይሁን ለሆራስ ራሷም አልለየችውም። ፊሊፓ ልብሰ ተክህኖዋን እንደለበሰች ጭቃው ዳር ድረስ ወርዳ እጇን ዘረጋችላቸው።

ከአይሪስ ጎን ቀበሩት። ቀብር አስፈጻሚው "አንሶላዋስ አብራ ትግባ?" ሲል ተርዛ ራሷን ነቀነቀች፤ "እሷ ከኔ ጋር ትመለሳለች" አለች።

ሁሉ አልቆ ሰዎቹ ወደ መኪኖቻቸው ሲሄዱ አምብሮስ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። ባርኔጣውን እንደ ጨርቅ ይጠመዝዘዋል። "ተርዛ፣ እኔ እንግዲህ ምን ፊት አለኝ? አንድ ነገር ብቻ ለመነሽ፤ እሱንም አበላሸሁብሽ። በውሃ ውሰጂኝ ያለ ሰው በጭቃ ሄደ።"

"ዝም በል" አለችው። "በሰዓቱ ብታደርሰኝ ኖሮ ባሌን ውሸታም ብዬ ነበር የምቀብረው።"

ተርዛ ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ያለው አሮጌ የጀልባ ማሰሪያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጭቃማዋን አንሶላ ጭኗ ላይ አጠፈች። ቦርሳዋን ከፈተችና በወረቀት የተጠቀለለ ሳንድዊች አወጣች፤ ግማሹን ሰጠችው።

"ውሃው መቼ ነው የሚመለሰው?" አለች።

አምብሮስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና መለሰው። "ሲመጣ እናየዋለን።"

"እንግዲያው እንጠብቀው። በመጣሁበት ነው የምመለሰው።"

ፊሊፓ ከመንገዱ ላይ ተጣራች። "ወይዘሮ ካችፖል፣ መኪናው እየጠበቀዎት ነው! እቤት እንግዶቹ ሻይ ላይ ናቸው፤ ለምን ቀረች ቢሉኝ ምን ልበላቸው?"

"ውሃው ያዛት በያቸው" አለች ተርዛ፣ ሳንድዊቿን እየገመጠች።